ዶሮዋ ሐበሻ፣ ጀርሟ ዜጋ አልባ

ጎበዝ፣ ክበቡኝ! ዛሬ አባ ቆጥን አግኝቼዋለሁ።

አባ ቆጥን የማታውቁት የላችሁም። ነጌሌ ቦረና ባጃጅ ተራ አለ። ያቤሎ ሻይ ቤት አለ። ፊልቱም፣ ሞያሌም፣ ክብረ መንግሥትም አለ። ድግስ ባለበት ሁሉ ድስቱ ጎን ቆሞ ይሰብካል። «የሐበሻ ዶሮ ብሉ! ሜዳ የዋለች፣ ጥሬ የለቀመች፣ ንጹሕ! የፈረንጇ እኮ መርፌ ናት፣ ሆርሞን ናት፣ ኪኒን ናት!» ሰው ሁሉ ራሱን ይነቀንቃል። የማትነቀንቀው ዶሮዋ ብቻ ናት። የዋለችበትን ታውቃለቻ!

አንተ ካላወቅህ እኔ ልንገርህ። ጠዋት ከቆጧ ወረደች። ቆሻሻ መጣያው ላይ ቁርስ አደረገች። ሥጋ ቤቱ ጀርባ ሄዳ ምሳዋን በላች። ሽንት ቤት የሌለው ሁሉ የሚቀመጥበት ጥሻ ገብታ መክሰሷን ለቀመች። በረት ገብታ እበት በተነች። ይህን ሁሉ በእግሯም በአፏም ይዛ ማታ አልጋህ ሥር አደረች። «ንጹሕ» ያልከው ይህን ነው? ዶሮ ጭራ ጭራ አወጣች ካራ ይባላል። ያንተዋ ካራውን ትታ ሳልሞኔላ ነው ያወጣችው!

ሳልሞኔላ ስልህ ሳል መስሎህ ሽሮፕ ፍለጋ እንዳትሄድ። ሳልሞኔላ አያስልም፤ ያስሮጣል። አቅጣጫው ደግሞ አንድ ብቻ ነው፣ ወደ ጓሮ። ጓደኛውንም ላስተዋውቅህ፤ ካምፓይሎባክተር ይባላል። የዶሮ የሰውነት ሙቀት ከ41 እስከ 42 ዲግሪ ነው። ካምፓይሎባክተር ደግሞ ደስ ብሎት የሚራባው በ42 ነው። አንተ በሊበን ሜዳ ፀሐይ ጥላ ፍለጋ ስትባዝን፣ እሱ ሙቀት ፈልጎ ዶሮህ አንጀት ውስጥ ካምፑን ተክሏል። እሷን አያማትም። ላባዋ ያብረቀርቃል፣ ዓይኗ ይቁለጨለጫል። አንተም ዓይኗን አይተህ «ጤነኛ ናት» ብለህ ፈረምክላት። ሦስተኛው ኢ-ኮላይ ነው። ኮላ መስሎህ አቀዝቅዘህ እንዳትጠጣው! ኢ-ኮላይ ቆላ ነህ ደጋ ነህ፣ ሐበሻ ነሽ ፈረንጅ ነሽ ብሎ አይጠይቅም። አንጀት ካለህ ዘመዴ ነህ ይልሃል።

«ፈረንጆቹ ራሳቸው እኮ ሜዳ የዋለችዋን በውድ ነው የሚገዙት» አልክ? ጎሽ! በሩን ራስህ ከፈትክልኝ። እ.ኤ.አ. በ2005 አሜሪካ ውስጥ ሜዳ የዋሉ 135 ዶሮዎች ታርደው ተመረመሩ። 42ቱ ላይ ሳልሞኔላ ተገኘ። ከመቶ 31! በ2013 ደግሞ ኮንሱመር ሪፖርትስ የተባለው የሸማቾች መጽሔት ከየሱቁ 316 የዶሮ ደረት ገዝቶ አስመረመረ። 97 ከመቶው ጎጂ ሊሆኑ የሚችሉ ባክቴሪያዎችን ይዞ ተገኘ። «ኦርጋኒክ» የሚል ወረቀት የተለጠፈበትም አላመለጠም። ባክቴሪያው ማንበብ አይችልማ! ፈረንጆቹ በውድ ገዝተው በደንብ አብስለው ነው የሚበሉት። አንተ የቀዳኸው ውዱን ብቻ ነው።

ወደ ሆርሞኑ እንምጣ። «የፈረንጇ በሆርሞን ነው የምታብጠው» ትላለህ። ያበጠው ወሬህ ነው። ሺህ ጫጩት በየቀኑ እየያዘ መርፌ የሚወጋ ሰው ከየት ተገኝቶ? ደሞዙንስ ማን ይችለዋል? ዶሮዋን ያሳደጋት ዘር እየመረጡ ማዳቀል ነው። የካናዳው አልበርታ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የ1957፣ የ1978 እና የ2005 እ.ኤ.አ. ዝርያዎችን ጎን ለጎን አንድ ዓይነት መኖ እያበሉ አሳደጉ። በ56ኛው ቀን መዘኗቸው። የ1957ቷ 905 ግራም ሆነች። የ1978ቷ 1,808 ግራም። የ2005ቷ 4,202 ግራም! መኖው አንድ፣ ቤቱ አንድ፣ ዘሩ ሌላ። የድሮ ዶሮ ሌላ፣ የዘንድሮ ዶሮ ሌላ። ከድሮው ሳይሻሻል የቀረ አንድ ዝርያ ቢኖር ያንተ ወሬ ነው።

ቆይ፣ ቆይ! እናንተ የቆማችሁ፣ አጨብጭባችሁ አትበተኑ። አባ ቆጥ አንድ ነገር ላይ ግማሽ እውነት ይዟል። ችግሩ እውነቱን የያዘው በላባው በኩል ነው፤ ዶሮዋ አምልጣ ላባው እጁ ላይ ቀርቷል። ጀርም በመሸከም ሁለቱም ዶሮዎች እህትማማች ናቸው። መድኃኒት የለመደ ጀርም በመሸከም ግን ይለያያሉ። በብዙ አገር እንደታየው፣ አንቲባዮቲክ እንደ ልብ በሚፈስበት እርባታ ያደገች ዶሮ መድኃኒት የለመደ ባክቴሪያ ይዛ መገኘቷ ይበዛል። ኮንሱመር ሪፖርትስ ከገዛቸው ደረቶች ግማሽ ያህሉ ላይ ብዙ ዓይነት መድኃኒት የማይበግረው ባክቴሪያ ነበር። ሜዳ የዋለችዋ ጀርም አይጎድላትም፤ ጀርሟ ግን ብዙ ጊዜ ገና መድኃኒት ይፈራል። ይህን ብትል ኖሮ ዛሬ እኔ ሰሚ፣ አንተ ተናጋሪ ነበርክ። አንተ ግን «ንጹሕ» አልክ። አፍህን ከፈትክ፣ እኔም ገባሁበት።

መድኃኒት መልመድ ማለት ምን ማለት ነው? አንቲባዮቲክ በጀርም መንገድ ላይ የቆመ ኬላ ነው። ደካማው ይያዛል። አንዱ ተሹለክልኮ ያልፋል። ያለፈው ኬላውን አወቀ። ይራባል፤ ልጆቹም መንገዱን ይዘው ይወለዳሉ። ከዚያም ብሶ ለማይዛመደው ለሌላ ጀርም ሳይቀር ዘረ መሉን ቆርሶ ያካፍለዋል። የሞያሌን መንገድ የምታውቁ ነገሩ ገብቷችኋል። ኬላውን ደጋግመህ ባቆምክ ቁጥር፣ ያውም ግማሹን ዘግተህ ግማሹን ክፍት ትተህ፣ የሚያልፈው ይበዛል። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል። ቀስ በቀስ ባክቴሪያም መድኃኒቱን በእግሩ ረግጦት ይሄዳል!

«ይህ ሁሉ ዛሬ የመጣ ወሬ ነው» እንዳትለኝ። ፔኒሲሊንን ያገኘው አሌክሳንደር ፍሌሚንግ እ.ኤ.አ. በ1945 የኖቤል ሽልማቱን ሲቀበል በዚያው መድረክ ላይ ተናግሮታል። መድኃኒቱን አሳንሶ የሚወስድ ሰው ጀርሙን ያስተምረዋል ብሏል። ማን ሰማው? ሦስት ዓመት ያህል ቆይቶ፣ በ1948፣ ቶማስ ጁክስ የሚባል የአሜሪካው ሌደርሌ ኩባንያ ተመራማሪ ክሎርቴትራሳይክሊን ከተመረተበት የተረፈውን ዝቃጭ ለጫጩቶች አበላ። ጫጩቶቹ ፈጥነው አደጉ። በቃ! ከዚያ ወዲያ ላልታመመች ዶሮ መድኃኒት በቁና ሆነ። የአውሮፓ ኅብረት አንቲባዮቲክን ለማሳደጊያ ብሎ መኖ ውስጥ መጨመርን ሙሉ በሙሉ የከለከለው በ2006 መጀመሪያ ላይ ነው። አሜሪካ ደግሞ በ2005 ኤንሮፍሎክሳሲን የሚባለውን መድኃኒት ለዶሮ እንዳይሰጥ አገደች። ኤንሮፍሎክሳሲን ምኑ ነው ካልክ፣ የሲፕሮ የእናት ልጅ ነው። ሲፕሮን ታውቃታለህ፤ ሆድህን በቆረጠህ ቁጥር ያለ ሐኪም የምትውጣት ናት። ዶሮዋ ኤንሮፍሎክሳሲን ጠጣች። ካምፓይሎባክተሯ ሲፕሮን ለመደ። ሰውዬው ታሞ ሲፕሮ ሲውጥ ጀርሙ «እንዴት ከረምክ?» አለው።

«እኔ ምን አገባኝ! የኔዋ መድኃኒት የሚባል አታውቅም» አልክ? ጎበዝ፣ ጠጋ በሉ። ጨዋታው አሁን ነው።

አባ ቆጥ፣ ባለፈው ፈንግል ሲገባ ዶሮዎችህን ምን አጠጣሃቸው? ንገራቸው! ዝም አለ። እኔ ልንገራችሁ። ታሞ ሳለ ጀምሮ ሲሻለው ያቋረጠው ቴትራሳይክሊን መሳቢያው ውስጥ ነበር። ካፕሱሉን ከፈተ። ዱቄቱን በጣሳ ውሃ በጠበጠ። ለዶሮዎቹ አቀረበ። ምን ያህል? በዓይኑ ለካ። ለስንት ቀን? ካፕሱሉ እስኪያልቅ። ለየትኛው በሽታ? «ለሁሉም!» የራሱን ኬላ ግማሽ ዘግቶ፣ የዶሮዎቹን ግማሽ ዘግቶ፣ ሁለት ቦታ ጀርም አሰለጠነ። «የፈረንጇ ኪኒን ናት» ያለው እንግዲህ ይሄው ሰው ነው። ዶሮዎቹን ለማዳ ናቸው ሲል እሰማው ነበር። ያለመደው ጀርማቸውን ነው!

ገና ነኝ። ፈንግል ቫይረስ ነው አባ ቆጥ! አንቲባዮቲክ የሚገድለው ባክቴሪያን ነው፤ ቫይረስን አይነካም። ቴትራሳይክሊኑ ፈንግሉን አያውቀውም፤ ተገናኝተው አያውቁም። ፈንግል ዶሮዎቹን ፈነገላቸው፣ አንተ መድኃኒቱን ፈነገልከው። መንጋው ሲያልቅ በሕይወት የተረፈው ቴትራሳይክሊን የለመደው ባክቴሪያ ብቻ ነው። አንገቷ መጠምዘዝ የጀመረችዋንስ? ፈጥነህ ገበያ አወጣሃት። ዶሮን ሲያታልሏት በመጫኛ ጣሏት ይላሉ። አንተ ግን ያታለልከው ገዢውን ነው። ፈንግሉም ከገዢው ጋር በባጃጅ ተሳፍሮ ሌላ ሰፈር ወረደ፤ ሒሳቡንም ገዢው ከፈለ።

«የኔ አምስት ዶሮ አገር አያጠፋም» ትላለህ። ያንተ አምስት፣ የጎረቤትህ አምስት፣ የአማችህ አምስት። በ2013 ዓ.ም. የስታቲስቲክስ ናሙና ጥናት በአገሪቱ 57 ሚሊዮን ገደማ ዶሮ ነበረ፤ ከአሥሩ ስምንት ያህሉ የአገር ውስጥ ዝርያ። ቁጥሩ ያለው ያንተ ጓሮ ውስጥ ነው። ሐኪም የማያየው፣ ክትባት የማይደርሰው፣ ካፕሱሉን የሚቆጥር የሌለበት ጓሮ!

ደግሞስ ጓሮህ የት ነው ያለው? ቦረና! የከብትና የግመል አገር። ላሟ አነከሰች፣ ኦክሲቴትራሳይክሊን። ግመሉ አስነጠሰ፣ ኦክሲቴትራሳይክሊን። ጥጃው ከሳ፣ ዝናብ ስለጠፋ ነው የከሳው፣ ግድ የለም ኦክሲቴትራሳይክሊን! ጠርሙሱ ከገበያ ይገዛል፤ አንዳንዱም ድንበር ተሻግሮ ፀሐይ ላይ ሲጠበስ ውሎ የሚመጣ ነው። መርፌውን የሚወጋው በቅርብ የተገኘ ሰው ነው። ከዚያ ዶሮህ በረት ገብታ ያንን እበት ትጭራለች። እሷን መድኃኒት ባትነካት እንኳ፣ መድኃኒት የለመደው ጀርም ያለበትን ትቅማለች። ሜዳ አጥር የለውም አባ ቆጥ። «ሜዳ የዋለች» ላልካት ለዚህ ነው የምፈራላት።

አንተ ባለ እርባታው ወንድሜ! ከኋላ ሆነህ ምን ያስቅሃል? ና ወደ ፊት።

በሌማት ትሩፋት መርሐ ግብር ዶሮ ቤት ሠራህ፣ ጎበዝ። ሳሶና ቦቫንስ የሚባሉትን የፈረንጅ ዝርያዎች አስገባህ፣ ጎበዝ። የሐበሻዋ ዶሮ በዓመት ከ40 እስከ 60 እንቁላል ስትጥል ቦቫንሷ ከ300 በላይ ትጥላለች፤ ቦረና ላይ ልጅ እንቁላል ሲበላ ማየት የሚያስደስተኝ ሰው ነኝ። ግን ጫጩቶቹ ከቢሾፍቱ ወይም ከሐዋሳ ያን ሁሉ መንገድ በሙቀት ተጉዘው ሲደርሱ መጀመሪያ የምታቀርብላቸው ምንድን ነው? መድኃኒት የተበጠበጠበት ውሃ! ታመሙ? አልታመሙም። «ለመንገድ ድካም ነው»። ለሳሶ የሳሳህ መስሎህ ነው። ጫጩት ከመንገድ ስትደርስ የሚያስፈልጋት ንጹሕ ውሃ፣ ደረቅ ጉዝጓዝና በቂ ቦታ ነው። አንተ ቦታው ላይ ቆጠብክ። ጉዝጓዙ ረጠበ። ኩሱ ተከመረ። ሲታመሙ ደግሞ ወደ መድኃኒት ቤት ሮጥክ። አካፋ የሚሠራውን ሥራ ለአንቲባዮቲክ ሰጠኸው!

እንቁላሉንስ? ዶሮዋ መድኃኒት ስትጠጣ እንቁላሏም ይጠጣል። ለዚህ ነው መድኃኒቱ ላይ ለስንት ቀን እንቁላሏ እንደማይበላ፣ ለስንት ቀን እንደማትታረድ የሚጻፈው። አንተ ጠዋት አጠጣህ፣ ከሰዓት 30ዋን ካርቶን ላይ ደርድረህ ለሻይ ቤት አስረከብክ። የገዛህ ሰው እንቁላል ፍርፍር ነው ያዘዘው። ቴትራሳይክሊን ማን አዘዘለት?

ይህን ጊዜ አባ ቆጥ ነቃ አለ። «አየህ፣ ጥፋቱ የሱ ነው!» ተቀመጥ! ያንተ ገና አላለቀም። ጥሬ እንቁላል የምትጠጣው አንተ አይደለህም? «ለጉልበት ነው፣ ለድምፅ ነው» እያልክ ሰብረህ ትውጠዋለህ። ዶሮ ብታልም ጥሬዋን። አንተ ግን ነቅተህም ጥሬውን!

ስለ ልጆች ስናገር ግን ሳቁን ትንሽ ያዙልኝ። ሐረማያ ወረዳ ውስጥ ገና አንድ ዓመት ያለፋቸው 100 ሕፃናት ሰገራ ተመርምሮ ግማሹ ላይ ካምፓይሎባክተር ተገኝቷል። በ2016 እ.ኤ.አ. ደግሞ ዴሪክ ሄዲ እና ካሌ ሂርቮነን የተባሉ የዓለም አቀፉ የምግብ ፖሊሲ ጥናት ተቋም ተመራማሪዎች የኢትዮጵያ ገጠርን መረጃ አገላብጠው አንድ ነገር አሳይተዋል። ዶሮ ያለው ቤት ልጅ በቁመት የተሻለ ነው። ዶሮዋን ማታ ሰው ከሚተኛበት ቤት የሚያስገባ ቤት ልጅ ግን ቁመቱ ያጥራል። አያችሁ? ዶሮዋ ጠቀመች፤ አልጋው ሥር ያለው ቆጥ ጎዳ። የሚድኸው ልጅ ኩሱን በእጁ ይነካል፣ እጁን ወደ አፉ ይሰዳል፣ አንጀቱ ይቆስላል፣ የሚበላው አይጠቅመውም። አባ ቆጥ፣ ግድግዳህ ሥር የተጣለ ቆርቆሮና አራት እንጨት አለህ። ለዶሮዋ ቤት ሥራላት። ከውጭ! ልጅህ ቁመቱ ሲያጥር «በዘሩ ነው» ብለህ እኔን እንዳትጣራ፤ ዘርህን አየሁት፣ ረዥም ነው፤ አጭሩ አሳብህ ነው።

ወደ ወጥ ቤት እንግባ። «ዶሮ ወጥ ሦስት ሰዓት ተቁላልቶ ምን ጀርም ይተርፈዋል?» አልክ። እዚህ ላይ ትክክል ነህ፤ ዛሬ የመጀመሪያህ ነው። መድኃኒት የለመደ ጀርም እሳት አልለመደም። 74 ዲግሪ እስከ አጥንቱ ከገባ ሳልሞኔላም ኢ-ኮላይም ካምፓይሎባክተርም ይሞታሉ። ግን ወጡ እሳት ላይ ሲንተከተክ ቢላዋው የት ነው? ዶሮዋን የበለተው ቢላዋ! ሰላጣ እየቆረጠ ነዋ! ሰላጣው ይቁላላል? አይቁላላም። ዶሮዋ በሎሚና በጨው የታጠበችበት ሳፋስ? ሎሚ ሽታ ያጠፋል፤ ጀርሙን አይጨርሰውም። ውሃው ላይ የቀረው ሁሉ ሳፋው ጠርዝ ላይ ነው። ሳፋውን ለልጁ መታጠቢያ አደረግከው። ወጡ ንጹሕ፣ ሰላጣው ጀርም፣ ልጁ ጀርም፣ አንተ ደግሞ «ወጡ ነው ያመመኝ» ብለህ ባለቤትህን ወቀስክ።

«ውሃ የት አለና እጅ እንታጠባለን?» አልክ። ይህ ጥያቄ ነው፤ የምር ጥያቄ። ነጌሌ ላይ ጀሪካን በአህያ ጋሪ የሚገዛ ሰው ዕቃ ሁለቴ እጠብ ሲባል የሚሰማውን አውቃለሁ። ስለዚህ ያለችዋን ውሃ በቅደም ተከተል ተጠቀምባት። ሰላጣህን መጀመሪያ ቁረጥ፣ ዶሮህን መጨረሻ። ለዚህ አንድ ጠብታ ተጨማሪ አይጠይቅም። ከዚያ ቢላዋውን፣ መክተፊያውን፣ እጅህን በሳሙና። ውሃ የለም ብሎ ዝም ማለት ደግሞ የነጌሌ ልማድ አይደለም! በጥር 1966 ዓ.ም. የነጌሌ ጦር ሰፈር ወታደሮች በተበላሸ ምግብና በውሃ ጥም ተማረው ሲነሡ፣ ንጉሠ ነገሥቱ የላኳቸውን ጄኔራል ድረሴ ዱባለን ይዘው እነሱ የሚበሉትን አብልተው እነሱ የሚጠጡትን አጠጥተዋቸዋል። አብዮቱ ከተቀጣጠለባቸው ቦታዎች አንዱ ያ ሰፈር ነው። በምግብና በውሃ መንግሥት ያንቀጠቀጠ ከተማ ልጅ ሆነህ፣ በምግብና በውሃ ጉዳይ «ምን ይደረግ» ትላለህ?

«እሺ፣ ፈንግልን ምን ላድርገው?» አልክ። በመጨረሻ ጠየቅህ! ክትባት! ቢሾፍቱ ላይ ያለው የእንስሳት ክትባት ማምረቻ ኢንስቲትዩት እ.ኤ.አ. በ1964 ነው የተቋቋመው። የፈንግል ክትባት ያመርታል። ከሚያመርታቸው አንዱ አይ-ቱ ይባላል፤ አውስትራሊያ ውስጥ ኩዊንስላንድ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የተሠራ፣ ፍሪጅ ለማይደርስበት ገጠር ተብሎ ከሌሎቹ የበለጠ ሙቀት እንዲችል የተዘጋጀ ነው። ለቆላ ሰው ከዚህ የበለጠ ምን ይሠሩለት? አንድ ጠብታ ዓይኗ ላይ። በየሦስት በየአራት ወሩ ይደገማል። ከታመመች በኋላ አይረዳም፤ ቀድሞ ነው። ጎረቤት ሁሉ በአንድ ቀን ቢያስከትብ ደግሞ አንዷ ጠርሙስ ለሰፈሩ ትበቃለች። አንተ አይ-ቱን «አይ!» ብለህ ቴትራሳይክሊኑን «እሺ» አልከው።

አንቺም ባለ መድኃኒት ቤቷ እህቴ፣ ቆመሽ ስትስቂ አይቼሻለሁ። አባ ቆጥ መጥቶ «ለዶሮ የሚሆን ነገር ስጪኝ» ሲል ምን አልሺው? ምልክቱን ጠየቅሺው? የሐኪም ወረቀት ጠየቅሺው? ብር ጠየቅሺው! የእንስሳት መድኃኒት ያለ ሥርዓት እንዳይሸጥ የሚከለክለው አዋጅ ቁጥር 728/2004 ከወጣ ስንት ዓመት ሆነው? አዋጁ ሕግ ነው እንጂ ግድግዳ ላይ የሚለጠፍ ካላንደር አይደለም። «እኔ ባልሸጥ ሌላው ይሸጣል» ትያለሽ። ሌላዋም ይህንኑ ነው የምትለው! ሁለታችሁም ስትሸጡ ነገ አንቺው ታመሽ የምትውጪው መድኃኒት ዛሬ ከመደርደሪያሽ ላይ ዋጋውን ሳይሆን ኃይሉን ያጣል። እ.ኤ.አ. በ2019 ብቻ መድኃኒት በለመዱ ባክቴሪያዎች ምክንያት 1.27 ሚሊዮን ሰው በዓለም ላይ ሞቷል። ከሕዝብ ቁጥር አንጻር ከሁሉ የከፋው የእኛው አህጉር ላይ ነው፤ ከሰሃራ በታች።

አባ ቆጥ ወዴት ነው? እየሸሸ ነው! ያዙት፣ አንድ ቃል ቀረኝ። የሐበሻ ዶሮ አትብላ አላልኩህም። ጣፋጭ ናት፣ ብላት፤ እኔም እበላታለሁ። የፈረንጇንም ብላ። መሳቢያህ ውስጥ የቀረውን ካፕሱል ግን ዛሬውኑ ወስደህ ለጤና ጣቢያው መልስ። የወረዳህን የእንስሳት ሐኪም ስልክ በዚያው መሳቢያ ላይ ጻፈው። የክትባት ቀን ሲነገር ከነመንጋህ ተሰለፍ፤ ጎረቤትህንም ጎትተህ አምጣው።

እናንተም ቆማችሁ የሰማችሁ፣ ቅዳሜ ገበያ ስትወጡ ዶሮ ሻጩን «ሐበሻ ናት ፈረንጅ?» እያላችሁ አትድከሙ። «መቼ ተከተበች? መድኃኒት መጨረሻ የጠጣችውስ መቼ ነው?» በሉት። መልስ ካጣ ሂሳባችሁን ይዛችሁ ወደሚቀጥለው ሻጭ እለፉ።